ለሜካኒካል ካሜራ ጣት መስራት (ደሴ ላይ ያወራሁት)

እሺ፣ እዛ በሩ ጋ ያላችሁ ይሰማል? ማይክ ባልይዝ ይሻለኛል፣ ሁለቱም እጄ ስራ አለው ዛሬ፣ ካልተሰማችሁ እጅ አውጡና በሉኝ። ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ልጆች እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ነበር አሉ፣ አብሽሩ እዚህም ያው ነው።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ዜኒት ኢ ነው። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ያለ ፋብሪካ ከ1965 ጀምሮ በገፍ ያወጣው ካሜራ ነው (ዛሬ ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራው፣ ካልሆነ ነግራችኋለሁ)። ራሺያ ተምሮ የመጣ ዘመድ ያለው ሰው ቁም ሳጥን ቢፈትሽ አይጠፋም። ባትሪ የለውም። ላይትሜትሩ (ብርሃን መለኪያው) ራሱ ሴሌኒየም ነው፣ ብርሃኑ ነው መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም ማለት ይቻላል፣ ፍላሽ ከምትሰኩባት ቀዳዳ በቀር። እና ጥያቄው ይሄ ነው፣ ይሄን ብረት እኔ ጓሮ ቆሜ እሱ ፊት ለፊት በር ላይ ሆኖ እንዴት ነው በሪሞት የምተኩሰው?

ብዙ ልጆች ሲጠይቁኝ ወዲያው ሬድዮው ላይ ነው የሚሄዱት። ብሉቱዝ ነው? ዋይፋይ ነው? ስንት ሜትር ይሄዳል? ሬድዮው እኮ ዛሬ ከገበያ የሚገዛ ነገር ሆኗል፣ የመኪና ቁልፍ ውስጥ አለ፣ የልጆች መጫወቻ ውስጥ አለ። ሲግናል ማድረስ አልቆለታል። ሲግናሉ ከደረሰ በኋላ ቁልፉን ማን ይጫነው? የሰው ጣት በጣም ጎበዝ ነገር ነው፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሻተሩ (ተከፍቶ ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ሲለቅ ይሰማዋል፣ ያቆማል። ያንን ጣት ከላሜራና ከፕላስቲክ መስራት ነው ጣጣው፣ ስለዚህ አብዛኛውን ሰዓት እሱ ላይ ነው የማጠፋው፣ ሬድዮውን በኋላ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ።

ካሜራን ሳይነኩ መተኮስ አዲስ ሃሳብ አይደለም ደግሞ። ማይብሪጅ የሚባለው ሰውዬ በ1878 ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ላይ ስታንፎርድ የሚባል ሀብታም ሰውዬን ፈረስ ሲያነሳ 12 ካሜራ ደርድሮ መሮጫው ላይ ክር ነበር የዘረጋው፣ ፈረሱ ክሩን እየበጠሰ ሲያልፍ ሻተሩ በኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ ማለት ፈረሱ ራሱን ፎቶ አነሳ። ኖይብሮነር የሚባል ጀርመናዊ ፋርማሲስት ደግሞ እርግብ ላይ ካሜራ አስሮ በ1908 ፓተንት አወጣበት፣ እርግቧ ላይ ሪሞት የለም ባትሪ የለም፣ አየር ቀስ እያለ ከሚያስተነፍስ ትንሽ ክፍል ነበር ሻተሩ ጊዜውን የሚያገኘው። ሬድዮውስ ካላችሁ ቴስላ በ1898 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ትንሽ ጀልባ በሬድዮ እየነዳ አሳይቷል። ያኔ ጀልባዋ ውስጥ ሲግናሉን ወደ እንቅስቃሴ የሚቀይር ዕቃ መኖር ነበረበት፣ እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነው፣ ትንሽ ሆኖ።

አሁን ካሜራውን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ፊት ያላችሁት ተቀባበሉት። የሻተር ቁልፉ መሃል ላይ ቀዳዳ አለች፣ ጥርስ ያላት፣ ወደ ውስጥ እየጠበበች የምትሄድ። ያቺን ቀዳዳ ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች። የኬብል ሪሊዝ ማሰሪያ ናት። ዜኒት ላይ አለች፣ ፔንታክስ ኬ 1000 ላይ አለች፣ ኒኮን ኤፍ ኤም 2 ላይ አለች፣ ያሺካዎቹም ላይ አለች፣ ጥርሱም አንድ ዓይነት ነው፣ አንዱ ጋ የሰራ ኬብል ሌላው ጋ ይሰራል። የድሮ ላይካና የመጀመሪያው ኒኮን ኤፍ ናቸው ለብቻቸው የሚሄዱት፣ ለነሱ ሌላ ጫፍ ያስፈልጋል።

ኬብል ሪሊዝ ማለት በቃ የሳይክል ፍሬን ካቦ ማለት ነው፣ ልዩነቱ የፍሬኑ ይጎትታል ይሄኛው ይገፋል። ውጪው ሽፋን ነው፣ ውስጡ ቀጭን ሽቦ፣ በአንዱ ጫፍ አውራ ጣት የሚጫነው ጭንቅላት፣ በሌላው ጫፍ ብቅ የምትል መርፌ። ስትጫኑት መርፌዋ በቀዳዳዋ ገብታ ቁልፉን ከውስጥ ትገፋዋለች። እዩ፣ ስጫን ስንት እንደምትወጣ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ከዛ ውስጥ ሻተሩን የምትለቀው የመጨረሻዋ ሽራፊ ናት።

እና የመጀመሪያው ምክሬ፣ ካሜራውን አትንኩት። አትብሱት፣ ኮላ አታፍስሱበት፣ ቁልፉ ላይ ላሜራ አታጣብቁ። ጣታችሁን ኬብል ሪሊዙ ላይ ስሩ። ኬብሉ ቢበላሽ ኬብል ትገዛላችሁ፣ ካሜራው ቢበላሽ የዚህን ዘመን ሻተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ደሴ ውስጥ ፈልጉልኝ እስኪ። ኬብሉ ሌላም ጥቅም አለው፣ ሞተሩ ካሜራው ላይ አይታሰርም፣ ትራይፖዱ እግር ላይ ይታሰራል፣ ሲነቃነቅ ንዝረቱ ለስላሳው ገመድ ላይ ይቀራል። ግን ገመዱ ልቅ ሆኖ ዘወር ይበል፣ ወጥራችሁ ካሰራችሁት ንዝረቱን ራሱ ነው የሚወስደው።

ጉልበት ስንት ያስፈልጋል? እዚህ ጋ ሰው በግምት ይሄዳል፣ ትልቅ ሞተር ይገዛል፣ ከዛ ካሜራው ያለቅሳል። ግምት አያስፈልግም፣ የማድ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ ይበቃል። ካሜራውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ የፊልሙን መሳቢያ ሳቡ፣ አሁን ኬብሉን ሳይሆን ቁልፉን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደታች ተጫኑ፣ ቻክ ሲል ሚዛኑ ላይ የነበረውን ቁጥር አንብቡ። እሱ ነው በግራም የሚያስፈልጋችሁ። በኬብሉ በኩል ሲሆን የገመዱ ፍትጊያና የውስጡ ሞላ ይጨመርበታል፣ ስለዚህ እጥፍ አድርጉና ያዙት። ከፈለጋችሁ የኬብሉን ጭንቅላት ሚዛኑ ላይ ገልብጣችሁ ጫኑትና በቀጥታ አንብቡት፣ እሱ የተሻለ ነው እንዲያውም።

ሞተሩ ሰርቮ ነው። ይቺ ሰማያዊዋ ኤስጂ 90 ናት፣ 9 ግራም ነው ክብደቷ፣ በ4.8 ቮልት ስትሰራ ጉልበቷ 1.8 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ነው ይላሉ ሻጮቹ። ምን ማለት ነው፣ ክንዷ 1 ሴንቲሜትር ሲሆን 1.8 ኪሎ ትገፋለች፣ ክንዱን 2 ሴንቲሜትር ካደረጋችሁት ግማሹ ነው የሚቀራችሁ። ስለዚህ ሚዛኑ ለምሳሌ 700 ግራም ካለ ክንዱን ማርዘም የለም፣ አጭር ቀዳዳ ላይ እሰሩ። ፕላስቲክ ጥርስ ነው ያላት፣ ብትሰበር እሷ ናት የምትሰበረው፣ እኔ እንደውም ለዚህ ስራ ያ ይመቸኛል፣ ከካሜራው በፊት እሷ ትሰዋ። ኤምጂ 996 የሚባለው ብረት ጥርስ ያለው ትልቁ ሰርቮ አለ፣ ለሮቦት እጅ ምናምን የሚሆነው፣ እሱን ለካሜራ ሻተር የሚጠቀም ሰው ካያችሁ አስቁሙልኝ።

ሰርቮ ከተራ ሞተር የሚለየው የት እንዳለ ማወቁ ነው። ውስጡ ሞተር አለ፣ ጥርሶች አሉ፣ ደግሞ ትንሽ ፖቴንሽዮሜትር አለ፣ የሬድዮ ድምጽ መጨመሪያ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ክንዱ ሲዞር አብራው ትዞራለች። ሶስት ሽቦ ነው ያለው፣ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ቡናማው ግራውንድ፣ ብርቱካኑ ትዕዛዝ። በትዕዛዙ ሽቦ ላይ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ምት ይላካል፣ የሚልከው አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ወይ የሬድዮ ሪሲቨር (ሲግናል ተቀባይ) ነው፣ ምቱ 1.5 ሚሊሰከንድ ከረዘመ መሃል ቁም ማለት ነው፣ 1 ከሆነ ወደ አንዱ ጎን፣ 2 ከሆነ ወደ ሌላው። ይሄ ማለት "ተጫን" ብቻ ሳይሆን "እዚህ ድረስ ተጫን፣ ከዛ አትለፍ" ማለት ትችላላችሁ፣ የጣትን ጠባይ የሚመስለው ለዛ ነው።

ሶሌኖይድስ ብሎ የሚጠይቀኝ ሁሌ አለ፣ ዛሬም ሳይጠየቅ ልመልስ። ሶሌኖይድ ሽቦ የተጠቀለለበት ማግኔት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን መነሻው ላይ ደካማ ሆኖ መጨረሻው ላይ ነው ጉልበት የሚያገኘው፣ ስለዚህ አይጫንም፣ ይመታል። ሻተር ቁልፍ ሊመታ አይገባም። ቡልብ ላይ (ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ሻተሩ ክፍት የሚቆይበት ማለት ነው) ይዛችሁ ማቆየት ብትፈልጉ ደግሞ ሙሉውን ጊዜ ከረንት ይበላል፣ ይግላል። የመኪና በር መቆለፊያ ሞተር ደግሞ መለዋወጫ ሱቅ ሁሉ አለ፣ ርካሽ ነው፣ እና የመኪና በር ነው የሚቆልፈው፣ ካሜራ አይደለም፣ ተዉት።

አሁን አሰራሩን ላሳያችሁ። ይቺ ላሜራ ከቆርቆሮ ትንሽ ወፈር ያለች ናት፣ ኤል ቅርጽ ታጥፋለች። በአንዱ ክንፏ ላይ ሰርቮው በሁለት ትንንሽ ቡሎን ታስሯል። በሌላው ክንፏ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ተቆርጧል፣ የኬብሉ አንገት፣ ሁለት ጣት የሚይዘው ቦታ፣ እዛ ውስጥ ይገባል፣ ወደታች እንዳይሸሽ ይይዘዋል። የሰርቮው ክንድ ከጭንቅላቱ በላይ ነው። ሰርቮው ሲዞር ክንዱ ጭንቅላቱን ይጫናል፣ አንገቱ ታስሯል፣ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ውስጡ ያለው ሽቦ ብቻ ነው። አንገቱን በፕላስቲክ ማሰሪያ ያሰረ ልጅ አይቻለሁ፣ ሲጫን ኬብሉ ራሱ እየተንሸራተተ ሻተሩ አንዴ ይለቅ አንዴ እምቢ ይል ነበር፣ ልጁ ፕሮግራሙን ነበር የሚያርመው፣ ችግሩ ግን ማሰሪያው ነበር።

ክንዱና ጭንቅላቱ መሃል ላይ ይቺን ነገር አያችኋት? ከእስክሪብቶ የወጣች ሞላ ናት። ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች። ሰርቮው ትንሽ ቢያልፍ፣ ኬብሉ መጨረሻው ደርሶ ቢቆም፣ ሞላዋ ትታመቃለች እንጂ ሰርቮው አይጨናነቅም። ሞላ ከሌለ ሰርቮው "ድረስ" የተባለበት ቦታ ካልደረሰ ዝም አይልም፣ እንዝዝዝ እያለ ይገፋል፣ ከረንቱ ይንራል፣ ይግላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይቃጠላል። እንዝዝታ ከሰማችሁ ትዕዛዙን ቀንሱ። የእስክሪብቶዋ ሞላ ለአንዳንድ ካሜራ ትለሰልሳለች፣ ሻተሩን ሳትለቅ እሷ ትታመቃለች፣ ያኔ ጠንከር ያለች ፈልጉ፣ ከድሮ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ የሚወጡት ጥሩ ናቸው።

ስታስተካክሉ ፊልም አታስገቡ። ከመሃል ጀምራችሁ ትዕዛዙን ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ሂዱ፣ ሻተሩ የለቀቀበትን ቦታ ያዙ፣ ከሱ ትንሽ ጨምሩ፣ እሱ ነው የ"ተጫን" ቁጥራችሁ። ከዛ ወደኋላ ሲመለስ ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ መልቀቁን እዩ። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ አንዳንዱ ካሜራ ፊልም መሳቢያው እምቢ ይላል፣ ሰው ደግሞ በጉልበት ይስበዋል። ከዛ ካሜራውን ውጪ አሳድሩትና በጠዋት እንደገና ሞክሩት። እኛ ከተማ እኮ ወደ 2500 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ታውቁታላችሁ፣ የድሮ ካሜራ ግሪስ ይደርቃል፣ ቤት ውስጥ የለቀቀው ሻተር ጠዋት ላይ ሰነፍ ይሆናል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ያስተካከላችሁትን ደሴ አምጥታችሁ አትመኑት።

ቡልብ ላይ የሚሰራ ሰው ደግሞ ትንሽ ይጨምር። ኬብሉ ላይ ያለችው መቆለፊያ ቪዳ ለእጅ ናት፣ ሪሞት ሊፈታት አይችልም። ስለዚህ ሰርቮው ተጭኖ መቆየት አለበት፣ 10 ደቂቃ ተጭኖ ከቆየ ደግሞ ባትሪውን ይበላል። መፍትሄው በክንዱ ፋንታ ካም ማድረግ ነው። ከወፍራም ፕላስቲክ ክብ ትቆርጣላችሁ፣ መሃሏን ሳይሆን ጠርዟ አካባቢ ሰርቮው ላይ ታስሯታላችሁ፣ ስትዞር አንዱ ጎኗ እየወጣ ይሄዳል። ከፍተኛው ቦታዋ ላይ በፋይል ትንሽ ሜዳ አድርጉላት፣ ጭንቅላቱ እዛ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ግፊቱ በቀጥታ ወደ ሰርቮው ዘንግ ነው የሚሄደው፣ ሊያዞረው አይችልም፣ ሰርቮው ምንም ሳይለፋ ሻተሩ ክፍት ይቆያል። ከፈለጋችሁ መሃል ላይ ትዕዛዙን ማቋረጥ ትችላላችሁ።

ሬድዮው። የቴሌቪዥን ሪሞት ዓይነቱ ኢንፍራሬድ አለ፣ በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ የሚያብለጨልጭ የማይታይ መብራት ነው፣ ሳሎን ውስጥ አንደኛ ነው፣ ደጅ ጸሐይ ላይ ግን ይደክማል፣ ፊት ለፊትም መተያየት ግዴታው ነው። ከዛ 433 ሜጋኸርዝ አለ፣ የግቢ በርና የመኪና ማንቂያ ቁልፎች ብዙዎቹ ያሉበት፣ ፒያሳ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ጠይቁ። አንቴናው ላይ አትሳሳቱ፣ የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ሩቡ 17.3 ይመጣል፣ ተራ ሽቦ 17.3 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ማስገባት በቂ ነው፣ ሰው ግን ሽቦውን ይጠቀልልና ሳጥን ውስጥ ይደብቀዋል ከዛ 5 ሜትር አይሄድም ይላል። ርካሹ ሪሲቨር ሌላ ጠባይ አለው፣ ሲግናል በሌለበት ዝም አይልም፣ ከአየር ላይ ጫጫታ እየሰበሰበ ያወጣል፣ ስለዚህ "የሆነ ነገር ከመጣ ተኩስ" ካላችሁት ባዶ ሜዳ ላይ ይተኩሳል። ኮድ ያለው መሆን አለበት፣ የራሱን ቁልፍ ኮድ ካልሰማ የማይንቀሳቀስ። የልጆች መኪና ሪሞት ፈትታችሁ የምትሰሩም አላችሁ፣ ይሰራል፣ ግን 27 ሜጋኸርዝ የሆኑት ኮድ የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ጎረቤት ያለ ህጻን መኪናውን ሲነዳ የናንተ ካሜራ ሊተኩስ ይችላል።

2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ የኤንአርኤፍ 24 ትንንሽ የሬድዮ ሞጁሎች፣ ኢኤስፒ 32 (ዋይፋይና ብሉቱዝ ያለው ፕሮግራም የሚጫንበት ሰሌዳ)፣ የድሮንና የሞዴል አውሮፕላን ሪሞቶች ሁሉ ያሉበት ነው። አስተማማኝ ነው፣ ጫጫታ አይሰማም። ጭጋግ ይከለክለዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ነበር፣ በዚህ ርቀት አይከለክለውም፣ እርጥብ ቅጠል ግን ይከለክለዋል፣ የራሳችሁ ሰውነትም ይከለክለዋል፣ ማስተላለፊያውን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አትጫኑ። ጫካ ከሆነ የምትሰሩት 433ቱ ይሻላል። ኤንአርኤፉ ከ3.6 ቮልት በላይ አይችልም፣ 5 ቮልት ላይ የሰካ ሰው ያው አዲስ ይገዛል። ቀላሉን መንገድ ለሚፈልግ ግን የሞዴል አውሮፕላን ሪሞትና ሪሲቨር ካገኘ ፕሮግራም የሚባል ነገር አያስፈልገውም፣ ሰርቮው በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካል፣ በቃ። ሲግናል ሲጠፋ ክንዱ የት እንዲሄድ መንገር የሚቻልበት ሪሲቨር ከሆነ "ልቀቅ" በሉት።

ስለ ፓወር አንዲት ነገር፣ ሰርቮውን ከአርዱይኖው 5 ቮልት ላይ አትመግቡት። ኤስጂ 90 እንኳን ሲጨናነቅ ከግማሽ አምፒር በላይ ይስባል፣ ያኔ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አርዱይኖው ይጠፋና እንደገና ይነሳል፣ ሲነሳ ሰርቮውን ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይጠፋል፣ ካሜራው ጅን የያዘው ነው የሚመስለው። አራት ድንጋይ ባትሪ ለሰርቮው ብቻ ስጡት፣ ግራውንዱን ግን ከአርዱይኖው ግራውንድ ጋ አገናኙ፣ አለዚያ ትዕዛዙ አይገባውም፣ ሰርቮው ጎን ደግሞ ቮልቴጁ ድንገት እንዳይወርድ 470 ወይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጉ። ፓወር ባንክ የምትጠቀሙ ደግሞ ብዙዎቹ ትንሽ ከረንት ሲያዩ ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ስትጫኑ መልስ የለም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፣ ይቺን ጻፏት። ሰርቮ ሲበራ ትንሽ ይዘላል፣ የሁሉም ጠባይ ነው። ፊልሙን ስባችሁ ጨርሳችሁ ከዛ ካበራችሁት አንድ ፎቶ እግራችሁን ትተኩሳላችሁ። መጀመሪያ ማብራት፣ ክንዱ ቦታውን ይያዝ፣ ከዛ ነው ፊልሙን መሳብ።

እና እዚህ ጋ እውነቱን እንነጋገር፣ ዜኒት አንዴ ከተኮሰ በኋላ ሰው ሄዶ በእጁ ካልሳበው ሁለተኛ አይተኩስም። ሪሞቱ ቢፈልግ ከሰኞ ገበያ ይምጣ፣ አንድ ፎቶ ነው ያላችሁ። ኤፍ ኤም 2 ያለው ሰው ኤምዲ 12 የሚባለውን ሞተር ካገኘ ሌላ ነገር ነው፣ 8 ድንጋይ ይበላል፣ በሴኮንድ 3 ፎቶ ገደማ ይስባል፣ ራሱ የኤሌክትሪክ ሪሞት መሰኪያ አለው፣ ስለዚህ ጣት መስራት አያስፈልግም፣ ሁለት ሽቦ የሚያገናኝ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይበቃዋል። እኛ ግን አንዷን ፎቶ የምትገባ ቦታ ላይ ማዋል ነው ያለብን። አንዷ ብቻ መሆኗ እኔን ብዙም አያናድደኝም፣ ዲጂታሉን ተሸክሜ ሺህ ፎቶ ይዤ የምመለስበት ቀን ነው ይበልጥ የሚያደክመኝ።

የት ታዋለች? ቦረና ሳይንት ፓርክ ሄዳችሁ ጭላዳ ለማንሳት፣ ሰው ቁጭ ካለበት ራቅ ይላሉ፣ ካሜራ ብቻውን ከተቀመጠበት ግን ሳር እየነጩ እየተጠጉ ይመጣሉ። ዜኒት ሲተኮስ ውስጡ የሚነሳው መስታወት ድምጹ ዱብ ነው፣ ሁለተኛ ፎቶ ቢኖራችሁም ዞረው ነው የምታገኟቸው። ሐይቅ ዳር ወፍ የምትቀመጥበትን እንጨት ለይታችሁ ፎከሱን አስቀድማችሁ እንጨቱ ላይ አድርጉ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) 8 ወይ 11፣ ከዛ ራቅ ብላችሁ በባይኖኩላር እያያችሁ። እዚህ ላይ መዘግየቱን አስቡ፣ ኤስጂ 90 ለ60 ዲግሪ 0.1 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባታል፣ ሬድዮውም የራሱን ይወስዳል፣ ወፏ ልትነሳ ስትል ነው መጫን፣ ከተነሳች በኋላ ባዶ እንጨት ነው። ክንዱን ከመነሻው ጭንቅላቱን ነክቶ እንዲቆም ካደረጋችሁት የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፣ በጣም ይረዳል።

ሌላው ሌሊት ነው፣ ጦሳ ተራራ ላይ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 ጅራታም ኮከብ አይተው ደሴን ቆረቆሩ ሲባል ሰምታችኋል መቼም። በዛው ዓመት የታየውን ትልቁን ጅራታም ኮከብ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ላይ ዴቪድ ጊል የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ ካሜራ ቴሌስኮፕ ላይ አሳስሮ በረጅም ኤክስፖዠር አንስቶታል፣ ከጀርባው ያሉት ከዋክብት ብዛት ነው እንዲያውም ሰውየውን ያስገረመው፣ ሰማዩን በፎቶ መመዝገብ ይቻላል ወደሚለው የሄደው ከዛ በኋላ ነው። እኛ ጋ ያ ፎቶ ቢነሳ አሪፍ ነበር። ከዋክብት ሲዞሩ የሚያሳየውን ክብ ክብ ፎቶ ለምትፈልጉ፣ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ነው የምትዞረው፣ የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከኛ ሰማይ ላይ 11 ዲግሪ ገደማ ነው ከፍታዋ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማስ ላይ ብታስቀምጡ ከጭብጣችሁ ትንሽ ከፍ ብላ ናት፣ ሰሜኑ በተራራ ያልተጋረደ ቦታ ካልመረጣችሁ መሃሉን አታገኙትም። የካሙን ሜዳ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ሻተሩን ከፍታችሁ ጋቢ ለብሳችሁ መኪና ውስጥ ትቀመጣላችሁ፣ ትራይፖዱ አጠገብ የሚራመድ ሰው የለም።

ከዚህ ጋ የሚሄድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ቀልድ አይደለም። ሽቦ የተንጠለጠለበት፣ አንቴና ያለው፣ ቀይ መብራት የሚያበራ ሳጥን መንገድ ዳር ትታችሁ 50 ሜትር ራቅ ብላችሁ ቁጭ ካላችሁ ምን እንደሚመስል አስቡት። በኛ አቆጣጠር በ2014 በጦርነቱ ያየነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ለአካባቢው ሰው ቀድማችሁ ንገሩ፣ ሳጥኑን ክፍት አድርጉት ወይ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፣ ከተቻለ ጠባቂው ወይ የሰፈሩ ሽማግሌ አብሯችሁ ቢቀመጥ በጣም ጥሩ። ሰውን ሳያውቅ ማንሳትም በዚህ አይሰራ፣ ሪሞት አለኝ ብሎ የሰው ሴት ልጅ በር ላይ ካሜራ የሚተክል ሰው እኔ ጋ አልተማረም በሉ።

እሺ ጥያቄ። አንቺ ጀምሪ።

"ጋሼ፣ ራሱ ካሜራው ላይ ሰልፍ ታይመር አለ አይደል፣ እሱ ለምን አይበቃም?"

ለቡድን ፎቶ ይበቃል፣ ሮጠሽ ገብተሽ ፈገግ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ጊዜውን የሚመርጠው ግን እሱ ነው፣ 10 ሴኮንድ አካባቢ ብሎ። ጭላዳው የሚዞረው በአስረኛው ሴኮንድ አይደለም። ለጦሳውም ቢሆን ታይመሩ ከፍቶ መዝጋት አይችልልሽም።

ማነው እዛ ጋ፣ አዎ አንተ።

"የስልክ ሰልፊ ስቲክ ላይ ያለችው የብሉቱዝ ቁልፍ በርካሽ አለች፣ እሷን በቀጥታ ሰርቮው ላይ ማገናኘት ይቻላል?"

በቀጥታ አይሆንም። ያቺ ቁልፍ ለስልኩ "የድምጽ መጨመሪያ ተጫነ" ብላ ነው የምትናገረው፣ ስልኩ ነው ፎቶ አንሳ ብሎ የሚተረጉመው። ሰርቮው ያንን ቋንቋ አያውቅም፣ መሃል ላይ እንደ ስልክ ሆኖ የሚቀበላት ኢኤስፒ 32 ያስፈልጋል፣ ይቻላል፣ ግን ብሉቱዟ ባትሪ ለመቆጠብ ትተኛለች፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ እስክትገናኝ ወፏ ሐይቁን ተሻግራለች። ለ433 ቁልፍ ብታወጣው ይሻልሃል።

ጋሼ፣ እርሶ ይበሉ፣ ማይኩን ስጧቸው።

"ልጄ፣ እኛ ይሄን ሁሉ በጎማ ነበር የምንሰራው። ፊኛዋን በእግራችን ረግጠን።"

ይሄው፣ ስሙ። የአየር ሪሊዝ ነው የሚሉት፣ ጫፉ ላይ የጎማ ፊኛ፣ 6 ሜትር ገደማ ቀጭን ቱቦ፣ ካሜራው ጋ ትንሽ ፒስተን፣ ፊኛዋን ሲረግጧት አየሩ ፒስተኗን ይገፋል። ባትሪ የለ፣ ኮድ የለ፣ ጭጋግ የለ። ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ ርቀቱ ከ6 ሜትር ካላለፈ እኔም እሱን ነው የምመክረው፣ ዋየርለስ አትድከሙ። ቱቦው ሲያረጅ ይሰነጠቃል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ቆይ ጋሼ አሁንም አልዎት? በኋላ እንዲያሳዩን ነው።

ሰዓት አልቋል ይሉኛል። ዜኒቱ ፊልም የለውም፣ ሪሞቷ ይቺ ጥቁሯ ናት፣ መሞከር የምትፈልጉ ወደፊት ኑ፣ በየተራ፣ መሳቢያውን ግን እኔ ነኝ የምስበው።